ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው

ባለፈው ዓመት፣ ኢድ ካለፈ በኋላ በመጣው ሰኞ ጠዋት፣ ሰይድ የሚባል የሰፈሬ ሰው የቤተሰቡን የጤና ኢንሹራንስ ካርዶች በኪሱ፣ አንድ ሳህን ሳምቡሳ በእጁ ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የእርዳታ ቢሮ ሄደ። ካርዶቹንም «አመሰግናለሁ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገንም» ብሎ መለሰ። ያስገደደው አልነበረም። ያስጠነቀቀውም አልነበረም።

በጋዜጠኝነት ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። መንግሥት ለሰው የሚገባውን ሲከለክል ጽፌያለሁ፤ ሰው የማይገባውን ከመንግሥት ሲወስድም ጽፌያለሁ። መንግሥት የሰጠውን፣ እንደ ጎረቤት ድስት አጥቦና ባዶውን እንዳይሆን ትንሽ ነገር ጨምሮበት የመለሰ ሰው ግን ከሰይድ በፊት አላጋጠመኝም። ነገሩ ሲነገረኝ እንደ ሌላው ሰው ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ እምቢታ ትንሽ እናውራ፤ ያለዚያ ሰይድን ሞኝ ታደርጉታላችሁ።

እኛ ስንጋበዝ እምቢ እንላለን። ሰው ቤት ገብተህ «ምሳ ቅረብ» ስትባል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፍህ ባይዞርም «አሁን ነው በልቼ የወጣሁት» ትላለህ። የቤቱ እመቤት መዋሸትህን ታውቃለች። እንደምታውቅ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ሁለተኛ ትጠይቅሃለች፤ አንተም ሁለተኛ እምቢ ትላለህ፤ ግን ይኼኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ለስለስ ይላል፤ ዓይንህም ወደ ሌማቱ ሄዷል። ያኔ «በሞቴ» ትላለች። አለቀ። በሞቷ ስታስምልህ እንዴት ትጨክናለህ? ትቀርባለህ፣ ትበላለህ፣ ክብርህም ሆድህም ሞልቶ ትወጣለህ። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ አንድ ጊዜ ጠይቆህ ዝም ያለውን ሰው አንተም እስከ ዛሬ ይቅር አላልከውም።

አሜሪካኖች አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። እምቢ ካልክ ምግቡን ሸፍነው ፍሪጅ ይከቱታል። ክፋት አይደለም፤ ቃልህን ማክበራቸው ነው። ብዙዎቻችን በመጀመሪያው የአሜሪካ ዓመታችን የከሳነው በዚህ አክብሮት ነው።

ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የእኛ ሰው ሱቅ ዕቃ ሲያራግፍ፣ ባለቤቱ ፋጡማ ደግሞ እዚያው ሱቅ ግማሽ ቀን ሽሮና በርበሬ ስትሸጥ ነው የማውቃቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኢማን። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛዋ ከእናቷ፣ ንግግሯ ከትምህርት ቤት፣ ሳንባዋ ደግሞ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ነው። አስም አለባት። አቧራ ሲነሣ፣ ንፋስ ሲነፍስ፣ አንዳንዴም ያለምንም ምክንያት ትንፋሿ ይጠባል፤ ያን ጊዜ በቦርሳዋ የምትይዘውን፣ እነሱ «ፓምፕ» የሚሉትን የመተንፈሻ መድኃኒት ትስባለች፤ ትንሽ ቆይታም ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ፓምፑን፣ ሐኪሙን፣ ክትትሉን ሁሉ የሚሸፍነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ «ሜዲካል» የሚለው። ሱቁ የሥራ ሰዓት ሲቀንስባቸው ቤተሰቡ የገንዘብ ድጎማም ማግኘት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሰይድ ሎንግ ቢች ከአንድ መጋዘን ሥራ አገኘ። ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ መንዳት። በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ነው፤ ግን ሙሉ ሰዓት ነው። ኢንሹራንስስ ሲላቸው «የሙከራ ጊዜህን ጨርስ» አሉት። ሰይድም በዚያው ሳምንት ለፋጡማ «ከእንግዲህ የሰው እጅ አናይም» አላት። ፋጡማ ሳምቡሳውን የጠበሰችው በደስታ ነበር።

በቢሮው የሆነውን የሰማሁት ከራሱ ነው፤ ምሳ በምንበላበት ቤት፣ ሰው እየሰማ፣ በኩራት ሲናገር።

«መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ማሪሴላ ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል» አለ። «ካርዶቹን ሳስቀምጥላት ‹መመለስ አያስፈልግም› አለችኝ። ‹ያስፈልጋል እንጂ፤ የሰው ዕቃ ነው› አልኳት።»

«ሳምቡሳውንስ?» አለ አንዱ።

«‹የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አልችልም› አለች። ‹ፕሊስ› አልኳት። ‹ኖ፣ ሪሊ› አለች። ሶ፣ ምን ላድርግ? በሞቴ አልኳት።»

«በአማርኛ?»

«ኧረ በእንግሊዝኛ። ‹ባይ ማይ ዴዝ› አልኳት። ጥበቃው ብድግ አለ።»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ማሪሴላ አንዷን ሳምቡሳ እንደወሰደችና ጥበቃውም እንደደረሰው ሰይድ ጨምሮ ነገረን። ሰው ሲስቅ እኔ ልማድ አለኝ፤ ቀጥሎ የመጣውን እጠይቃለሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ድጎማው ይዘጋ አልኩ፤ ፈረምኩ። የእኔና የፋጡማ ሜዲካልም ይዘጋ አልኩ፤ ፈረምኩ።»

«የኢማንስ?»

ሹካ በያዘ ሰው መካከል በእጁ ይበላ የነበረው ሰይድ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «‹የልጅቷ ሊቀጥል ይችላል፣ ይቀጥል ወይ?› አለችኝ። ‹ኖ ቴንክ ዩ፣ በቂ አድርጋችሁልናል› አልኩ። ‹እሷ ብቻዋን እንኳ?› አለች። ‹ኖ ቴንክ ዩ› አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም አለች።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቆምኩ።» ወደ ሳህኑ አየ። «ትንሽ ቆምኩ። ‹ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ› ስትለኝ ወጣሁ።»

ያን ቀን ማንም ከዚህ በላይ አልጠየቀውም። ለሚያውቅ ሰው ግን ተናግሮ ጨርሷል። ሰይድ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሦስተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ ነበር። ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆሜ፣ ይህ የእኛ ባህል ያመጣው ጣጣ ነው ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ጥሩ ወግ ይወጣው ነበር። እውነታው ግን እንዲህ አያስጨርስም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ የዚህ አገር መንግሥት የድጎማውን ሕግ ሲያሻሽል፣ የገንዘብ እርዳታውንና የጤና ኢንሹራንሱን ለያያቸው። አንዱን መተው ሌላውን መተው እንዳይሆን ታስቦ ነው። ሰው ግን ሁለቱን በአንድ በር ገብቶ ስለተቀበላቸው በአንድ በር ይዟቸው ወጣ። ሥራ ያገኙ እናቶች ድጎማውን ሲተዉ ኢንሹራንሱም አብሮ የሄደ መሰላቸው፤ የሚገባቸው ልጆች ሳይቀሩ ያለ ኢንሹራንስ ቀሩ። ይህን ያጠኑ ሰዎች በጊዜው ጽፈውታል። እነዚያ እናቶች ኮምቦልቻን አያውቋትም። በሞቴ የሚላቸውም አልጠበቁም። ስለዚህ ሰይድ የሠራው ስህተት አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ሳምቡሳው ነው።

በጋው አለፈ። የሙከራው ጊዜም አለፈ፤ ያን ጊዜ መጋዘኑ ለሰይድ «አንተ የኤጀንሲው ሠራተኛ ነህ» አለው፤ ኤጀንሲው ደግሞ «ኢንሹራንሱን መጋዘኑን ጠይቅ» አለው። በሁለቱ መካከል ቆሞ ፎርክሊፍቱን መንዳት ቀጠለ። የኢማን ፓምፕ ግን ማንንም የሚጠብቅ አልነበረም፤ በሳበችው ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል።

ፋጡማ አንድ ቀን ወደ ፋርማሲ ሄዳ ነበር። ፋርማሲስቱ «ኢንሹራንስ አላችሁ?» አላት። «የለንም» አለች። ዋጋውን ነገራት፤ ሰምታ ወጣች። ኮምፒዩተሩን ይየው አላለችም፤ እሱም ላየው አላላትም። እዚህ አገር «እምቢ»ም ሆነ «የለንም» አንድ ጊዜ ከተባለ በቂ ነው።

ከዚያ ከተራሮቹ በኩል የሰደድ እሳቱ ጭስ መጣ። ሎስ አንጀለስ ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም፤ ሰማዩ የሻይ መልክ ይይዛል፣ መኪናው ላይ አመድ ያድራል፣ ትምህርት ቤት ልጆችን ሜዳ ማውጣት ይተዋል። ሳል ለሌለበት ሰው የሚያልፍ ነገር ነው። እኔ ከሱቁ የገባሁት በርበሬ ልገዛ ነበር። ኢማን ከሚዛኑ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ፋጡማ ፓምፑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትንሽ ነቀነቀችው፤ ሰው የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደቀረ እንደሚሰማ።

«አሁን አይደለም» አለቻት ልጇን። «ሲብስብሽ።»

ልጅቷ በጭንቅላቷ እሺ አለች። ትንፋሿን ከመናገር እየቆጠበች ነበር፤ ይህች ልጅ፣ ዝም በይ ተብላ የማታውቅ እስኪመስል የምታወራዋ።

ስሜት የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም ከሚሉት ወገን ነኝ። በርበሬውን ሳልገዛ ጠየቅኋት፤ ፋጡማም ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩት። እኔን አይሰማኝም። ይሂድና ይመለስልን ይበል።»

ሰይድን የያዝኩት ቅዳሜ፣ ከሱቁ በር ላይ ነው። የማውቀውን ነገርኩት፤ ድጎማውና ኢንሹራንሱ አንድ እንዳልሆኑ፣ የልጆች የገቢ ወሰን ከአዋቂዎቹ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ በዚህ ደሞዙ ኢማን የሚገባት እንደሚመስለኝ፣ ዳግም ማመልከት እንደሚቻል። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፤ «የሰው ድስት አጥቤ፣ አመስግኜ መልሼ፣ አሁን ሄጄ ‹ያን ድስት መልሺልኝ› ልበላት? ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትልህም። ሥራዋ ነው።»

«እርስዎ ሳምቡሳ አልሰጧትም።»

በዚያ ላይ የሰፈራችን ፀጉር ቤት የራሱን የኢንሹራንስ ወሬ ሲያከፋፍል ከርሟል፤ «ሜዲካል የበላ ዜግነት አያገኝም» ይላል አንዱ፤ «ለልጅ ከሆነ ግድ የለም» ይላል ሌላው፤ «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ሁሉም ይቀራል» ይላል ሦስተኛው፣ ቆራጩ ራሱ፣ ምላጩን እያሻሸ። አዲስ ሕግ መውጣቱ እውነት ነው። ብዙ አዋቂዎች በወር ውስጥ የተወሰነ ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ፣ የሚገባቸው መሆኑም እስካሁን ከነበረው ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ እንዲጣራ ያዛል። ሁሉም ይቀራል የሚለው እውነት አይደለም። ግን ሕጉን ያነበበው እኔ ነኝ፤ ፀጉር የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ሰው ጭንቅላቱን የሚሰጠውን ያምናል።

ሰይድን ያንቀሳቀሰችው ኢማን ናት። በሩ ላይ ስንከራከር ወጣችና፣ እንደልማዷ እኔንም አባቷንም እንደ እኩያዋ ይዛ፣ «ለምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አለች። ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ነው የጨረሰችው።

«አባትሽ መጠየቅ ያፍራል» አልኳት።

«አባ፣ ጀስት አስክ ሄር። ኖ ካለችህ፣ ኖ ነው። ኢትስ ኦኬ።»

እሷ እዚህ የተወለደች ናት፤ ለእሷ እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው፣ ከጀርባው ምንም የለም። አባቷ አያት። ትከሻዋን አያት። «ኦኬ» አለ።

ሰኞ ዕለት፣ ሰይድ የቀን ደሞዙን ትቶ፣ እኔ ድራይቭ እያደረግሁ ወደ ቢሮው ሄድን። ፋጡማ ሳህን አዘጋጅታ ነበር፤ አልይዝም አለ። «ልለምን ስሄድ ከያዝኩ ጉቦ ይመስላል» አላት። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ስሰማው እንግሊዝኛ ነው። «አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ» የሚለውን በተለያየ ዜማ ይሞክረዋል።

ቢሮው ከምጠብቀው በላይ ጸጥ ያለ ነበር። ከመስኮቶቹ አብዛኛዎቹ ተዘግተው በቦታቸው ስክሪን ቆሟል። ወደ አንዱ ቀረብንና ነካሁት። ቋንቋ ጠየቀኝ፣ አማርኛ ነበረው፤ በአማርኛም «መቀጠል ይፈልጋሉ?» አለኝ፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። ምናልባት ለብዙ ሰው ይቀላል። እኔ ግን ሰይድን እዚህ ፊት አስቤው፣ ጣቱ ለትህትና ወዴት እንደሚሄድ አወቅሁ። ስክሪኑ ደግሞ «አይ» ያለው ሰው ሄዶ እንደሆነ ወይ ፊቱ ቆሞ እንደቀረ የሚያይበት ዓይን የለውም።

ማሪሴላ አለች። ተራችን እስኪደርስ ጠበቅን። ሰይድን ስታየው ፈገግ አለች፤ ዓይኗ መጀመሪያ ወደ እጁ ሄደ፣ ሳህን እንደሌለ አየች።

«አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ» ጀመረ ሰይድ። የተለማመደው ሌላው ሁሉ ጠፋበት። «ማይ ዶተር። ትንፋሿ። የመለስኩላችሁን…»

እሷ መተየብ ጀምራ ነበር። ስክሪኗን አንብባ፣ እንደገና አንብባ፣ ቀና አለች። «የኢማን አልተዘጋም» አለች። «አንድም ቀን አልተዘጋም።»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ፤ እንግሊዝኛው አልገባኝም ይሆን በሚል። በአማርኛ ደገምኩለት። ማሳወቂያም ተልኮላቸው ነበር፤ ሰይድ ግን ከዚያ ሰኞ ወዲህ ከካውንቲው የሚመጣ ፖስታ አይመለከተኝም ብሎ ሳይከፍት ይጥል ነበር። ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ «አሁን አይደለም፣ ሲብስብሽ»፣ ሁሉም የሆነው ኢንሹራንስ ባላት ልጅ ላይ ነው። ማሪሴላ መሳቢያዋን ከፍታ ካርዱን አውጥታ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችለት። ሰይድ አመሰግናለሁ አላለም። ካርዱን በሁለት እጁ ያዘው።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ለምን እንዳልተዘጋ ጠየቅኋት።

«የሁለቱን አዋቂዎች ፈርሟል፤ የእነሱ ተዘግቷል» አለች። «የልጅቷን አልፈረመም። ያልተፈረመ አልዘጋም።»

«ደንቡ ነው?»

«ደንቡ ነው።»

ደረቅ መልስ ነው፤ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። በልቤ የነበረው ደግ ሠራተኛ በስውር ውለታ ሠራች የሚለው ታሪክ እዚያው ቀረ፤ ፊርማ ስለጎደለ ነው፣ በቃ። ከቢሮው ቀጥታ ፋርማሲ ሄድን፣ ኢማን ያን ቀን አዲስ ፓምፕ ሳበች። ፋጡማ ለራሷ እንደገና አመልክታለች። ሰይድ ለራሱ አላመለከተም፤ «ለልጄ ነው የለመንኩት» ይላል። አዲሱ ሕግ ተራ በተራ ሥራ ላይ ሲውል በፋጡማ ላይ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም። ሱቁ በዚህ ወር ደግሞ ሰዓቷን ቀንሶባታል። ያን ሳስብ መቀመጫ ይነሣኛል።

ይህን እስከዚህ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ፌርፋክስ ላይ ምሳ የምንበላበት ቤት ማሪሴላን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሳምቡሳ አዝዛለች። ሰላም ካልኳት በኋላ አንድ ያላጣራሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሰይድ በእጁ የመጣለትን ሁሉ የሚፈርም ሰው ነው። የልጅቷን ለምን ሳይፈርም ቀረ?

«ወረቀቱን አልሰጠሁትም» አለች።

«ለምን? እምቢ ብሎሽ የለም? ሁለት ጊዜ?»

«እምቢ ያለ ሰው ይሄዳል» አለች። «እሱ ቆሞ ነበር።» ጣቷን በናፕኪን ጠረገች። «ደግሞም ሳምቡሳውን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ እሱ ስለ ልጁ ሁለት ጊዜ እምቢ ሲለኝ፣ እኔም አልሰማሁትም።»